«እኩል እንውጣ»

የዞኑ የቼዝ ውድድር የመጨረሻ ዙር ነው። ደመላሽ ከንጉሡ ፊት ያለውን ወታደር ሁለት ቤት አስኬደ። ስሜነሽም እንዲሁ አደረገች። ቀጥሎ ከጎኑ ያለውን ወታደር አንሥቶ ወታደሯ አፍ ላይ አስቀመጠላት፤ «እንኪ ብዪው» እንደማለት ነው። የንጉሥ ጋምቢት ይሉታል፤ አንድ ወታደር ሰጥቶ ጥቃት የሚከፍቱበት አጀማመር ነው።

ቀና ብላ አየችው። ቁይ ከተማ የሚሠራ የእንስሳት ሐኪም ነው፤ ጢሙን ሽበት ጀማምሮታል።

«ፈራሽ እንዴ?» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ከዚህ ውድድር በፊት ከሰው ጋር ከተጫወትኩ ቆይቻለሁ፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ከማን ጋር ነው የምትጫወቺው?»

«ከስልኬ።»

ሳቁ ሳያስበው አመለጠው። ዳኛው ከአዳራሹ ጥግ «ጸጥታ!» አሉ።

ስሜነሽ ደብረ ኤልያስ ጤና ጣቢያ የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት። ቼዝ ያስተማረቻት አብራት ትኖር የነበረችው ትዕግስት ናት። እሷ አግብታ ከሄደች ወዲህ ግን ስሜነሽ ከሥራ ስትመለስ ሽሮዋን ትጥድና ስልኳን ትከፍታለች። ስልኩ ሲጨንቀው ግንባሩን አያሽም። ሲሸነፍም ምንም አይመስለውም።

ወታደሩን በላችው። ደመላሽ ፈረሱን አወጣ። ጥሩ ስትጫወት ምላሱን «ጧ» ያደርጋል፤ ስትሳሳት ዓይኑን ከገበታው ያሸሻል፣ እንዳያሳብቅበት። እሷም ከገበታው ይልቅ ፊቱን እያየች መሆኗን ልብ አለች።

ከሰዓት በኋላ ሌሎቹ ሁሉ ጨርሰው ወጡ። አዳራሹን የሚያጸዱት ሴትዮ ወንበር መደርደር ጀመሩ። ደመላሽ እጁን በገበታው ላይ ዘረጋላት።

«እኩል እንውጣ። ግማሽ ነጥብ ካገኘሽ ዋንጫው ያንቺ ነው። ዞኑን ወክለሽ ባሕር ዳር ትሄጃለሽ።»

እውነቱን ነው። ከተሸነፈች ግን ሁለቱም ይቀሩባታል፤ የእሱ ንጉሥ ደግሞ ከሷ ይልቅ ደኅና ቦታ ላይ ነው። የተዘረጋውን እጅ አየችው። ከጨበጠችው እሱ ተነሥቶ ይሄዳል፤ እሷም ዋንጫዋን ይዛ ወደዚያች ክፍሏ።

«የቁይ መኪና መቼ ነው የሚወጣው?»

«አሥር ሰዓት ላይ። ምነው?»

«ገና ነው እኮ» አለችና ፈረሷን አንሥታ ወደ ፊት አስኬደች፤ ከገበታው ጎን ያለውን የጨዋታ ሰዓትም መታች።

ደመላሽ እጁን ሰብስቦ ትንሽ አያት። ከዚያ ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ሳበ።