የሰረዝኩት መንገድ

ወደ ድሬ ጠያራ በኩል የተዘረጋውን አዲሱን ሰፈር ወረቀት ላይ ካወጡት ባለሙያዎች አንዱ እኔ ለገሠ ነኝ። ድሮ ይህን የምናገረው ደረቴን ነፍቼ ነበር።

እናቴ ንግሥትና እማማ ሳፊያ ጀጎል ውስጥ አርባ ዓመት ጎረቤት ነበሩ። በሁለቱ በር መካከል ያለችው ቀጭን መንገድ አሥር እርምጃ አትሞላም። እናቴ ረመዳን ሲገባ ቴምር ይዛ ትሻገራለች፤ ለፋሲካ ደግሞ እማማ ሳፊያ ከሁሉ ቀድመው እኛ ቤት ናቸው። ቤቶቹ አርጅተው መፍረስ ሲጀምሩ ሁለቱም አዲሱ ሰፈር ዕጣ ወጣላቸው። ቦታቸው ጀርባ ለጀርባ ሆነና ተቃቅፈው አለቀሱ።

በመጀመሪያው ፕላን በቦታቸው ጎን የሚያልፍ የእግር መንገድ ነበረ። አለቃዬ «ሁለት ቤት ይወጣዋል፣ አጥፋው» አለኝ። አጠፋሁት። ጀርባ ለጀርባ አይደሉ እንዴ፣ ምን ይጎድላቸዋል ብዬ! ቤቶቹ ሲሠሩ ከአንዱ በር ሌላው በር ለመድረስ እስከ አስፋልቱ ወጥቶ መዞር ግድ ሆነ። በእነሱ ጉልበት አርባ ደቂቃ ነው። ስለዚህ በየማለዳው በአጥሩ ላይ እየተጯጯሁ ያወጉ ነበር።

ባለፈው ኅዳር አንድ ረፋድ ላይ እናቴ ጓሮ ወደቀች። እኔ ቢሮ ነበርኩ። ዙሪያው ገና መሠረት ብቻ የወጣለት ባዶ ቦታ ስለሆነ ጩኸቷን የሰሙት እማማ ሳፊያ ብቻ ናቸው።

በሠልስቱ እጄን ይዘው ወደ ጓሮ ወሰዱኝ።

«‹ሳፊያ ድረሽልኝ› አለችኝ። ‹አለሁ ንግሥት፣ አለሁ› እያልኩ ቆየሁ። ድምፄን ስትሰማ ጸጥ ትል ነበር። ከዚያ ሮጥኩ። ወላሂ ሮጥኩ፣ የኔ ልጅ። ባጃጅም አጣሁ። ስደርስ አልቆ ነበር።» እንባቸውን በሻሻቸው ጠረጉ። «ድምፄ ሲጠፋባት ‹ትታኝ ገባች› ብላ ይሆን?»

«ኧረ እማማ! እየመጡላት እንደነበር ታውቃለች» አልኩ። ከየት አውቄ!

እማማ ሳፊያ አጥሩን ትክ ብለው አዩት።

«እዚህ ጋ ማለፊያ የከለከለን ማነው? አንተ እዚያው አይደል የምትሠራው፣ ጠይቅልኝ።»

«እሺ፣ እጠይቅልዎታለሁ።»

«አላህ ይስጥህ» ብለው ግንባሬን ሳሙኝ።