የላሸቀው ቅጠልና ፀጉር አስተካካዩ

የትምባሆ ችግኝ ፀጉሩን ይቆረጣል። ለማያውቅ ሰው ቀልድ ይመስላል፤ ግን እውነት ነው። ተጠጋግቶ የበቀለ ችግኝ ዝም ካሉት፣ ቀድሞ የረዘመው ጎረቤቱን ጥላ ያለብሰዋል፤ አጭሩም እንደቀጨጨ ይቀራል። ስለዚህ ጫፍ ጫፉን በመቀስ ከርከም ያደርጉታል። ያን ጊዜ ሁሉም እኩል ያድጋል፣ አገዳውም ይወፍራል።

ፀጉር አስተካካዩን ከሞት ያዳነው ይህ ሥራ ነው ማለት ይቻላል። ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ራስ ሲያስተካክል ኖሮ፣ በመጨረሻ የትምህርት ቤቱን ርዕሰ መምህር በግራ ጆሮው በኩል ያለውን ፀጉር ከቀኙ ሁለት ጣት አስበልጦ ወደ ምረቃ መድረክ ላከው። ተማሪው ሁሉ አንገቱን ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ ሲያየው ዋለ። ከዚያ በኋላ ወንበሩ ላይ የሚቀመጥ ጠፋ። ሱቁን ዘግቶ ታላቅ እህቱ ቤት ገባና ሦስት ወር ሙሉ በረንዳ ላይ ተጎልቶ ዝንብ ሲቆጥር ከረመ።

እህቱ ችግኝ አፍልታ ለትምባሆ ገበሬዎች የምታቀርብ፣ አንዴ የተናገረችውን የማታጥፍ ሴት ናት። አንድ ቀን ከፊቱ ቆመችና፣ "አንተ፣ ተነስ! ችግኞቼ እንደሆነ መስታወት አምጣ አይሉህም" ብላ መቀሱን አስይዛ ወደ ላስቲክ ቤቱ አስገባችው።

ላስቲክ ቤቱ ውስጥ ችግኝ የሞላባቸው ዝቅተኛ የጣውላ ሣጥኖች በአሥራ ሁለት ረድፍ ተደርድረዋል። ፀጉር አስተካካዩ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ ቅጠሉ እንዲቀና በመርጫ ጠርሙስ ውሃ ፍስስ እያደረገ፣ "ቀና በል እስቲ… ጎሽ፣ የኔ ጌታ" እያለ ይከረክም ጀመር። መቀሱን በፎጣው ጠረግ፣ ወደሚቀጥለው ሣጥን። ሰው ሆነ። ምሳውን እንኳ እንደ ሠራተኛ ሰው በችኮላ መብላት ጀመረ።

እንዲህ እንዳለ አራተኛው ረድፍ ላሸቀ።

ቅጠሉ ውሃ ውስጥ የከረመ ወረቀት መስሎ ተኝቷል። ሲነኩት ጣት ላይ ይሟሟል። የአገዳው ሥር ጠቁሯል። ሽታውማ አይጥ ሞታ የተረሳችበት መሳቢያ ነው።

እህትየው በአንድ እጇ አፍንጫዋን ያዘች። "ገበሬዎቹ ሊወስዱ አሥራ ሁለት ቀን ነው የቀራቸው" አለች። "ስሙኝ! ይሄን ያመጣ ማንም ይሁን ማን፣ ሁለተኛ ላስቲክ ቤቴን አይረግጥም። ምያለሁ!"

ልጇ ተጠራ። ባሕር ማዶ ስምንት ዓመት የዕፅዋት በሽታ ተምሮ ከመጣ ገና አራት ወሩ ነው። ከመጣ ጀምሮ አንድም ነገር ቁርጥ አድርጎ ስለማይናገር እናቱ "ምናልባት" የሚል ስም አውጥታለታለች። ተንበርክኮ አየ፣ አሸተተ፣ ተነሳና መነጽሩን አስተካከለ።

"ባክቴሪያ ሊሆን ይችላል። ሻጋታም ሊሆን ይችላል። ናሙና ልኮ ውጤቱን መጠበቅ ነው።"

"ስንት ቀን?"

"ሦስት ሳምንት። ምናልባት አራት።"

"እንግዲያው በሽታቸውን ሳይሆን የሞቱበትን ቀን ነው የምትነግረኝ!"

"እማዬ፣ እስከዚያ ውሃ እንቀንስ። ማታ ማታ ስለሚጠጡ ቅጠሉ እንደረጠበ ያድራል። ላስቲኩም ታፍኗል። ማዳበሪያውም በዝቶ ይሆናል።"

"እኔም ብያለሁ! ውሃው ነው!" አለ ፀጉር አስተካካዩ።

እህቱ ዞር አለች። ውሃ የምታጠጣው እሷ ናት። "ምን አልክ?"

"እኔ? ልጁ ነው ያለው።"

የታመመው ረድፍ ተነቅሎ ርቆ ተቀበረ። የላስቲኩ ጎንና ጎን ተገልጦ ነፋስ ገባ። ውሃ ጠዋት ብቻ፣ እሱም ሥር ሥሩን ሆነ። ነገሩ እስኪለይ መቀስም ይቁም ተባለ። በአራተኛው ቀን ግን አምስተኛው፣ ስድስተኛውና ሰባተኛው ረድፍ ላሸቁ። ስምንት፣ ዘጠኝና አሥር ምንም አልሆኑም። አሥራ አንደኛው ላሸቀ።

"ባክቴሪያ አይዘልም" አለ ምናልባት፣ ማስታወሻ ደብተሩ ላይ አፍጥጦ። "ክንፍ የለው፣ እግር የለው። ሦስት ረድፍ እንዴት ዘለለ?"

ፀጉር አስተካካዩ ግን እንዴት እንደዘለለ ያውቃል። አራተኛው ረድፍ ከመላሸቁ በፊት በነበረው ማክሰኞ ከአራተኛው ጀምሮ እስከ ሰባተኛው ከከረከመ በኋላ፣ ስምንተኛው ጋ ፀሐይ አናቱን ስትመታው ጊዜ መርጫውን አንጠልጥሎ ጥላ ወዳለበት ወደ አሥራ አንደኛው ሄዷል። እሱን ጨርሶ ምሳ በላ፤ ከምሳ በኋላ እንቅልፍ ወሰደው። በሽታው እግር የለው እንጂ የሱን እግር ተከትሏል።

"ድመቷ ናት" አለ፣ ከአፉ አመለጠው።

"የጎረቤት ድመት?"

"ሣጥኖቹ ላይ ትተኛለች። ትዘላለች ደግሞ። አይተሃታል ስትዘል?"

የምናልባት ፊት በራ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ደብተሩን ይዞ ድመቷን ይከተል ያዘ። ስትቆም ይቆማል፣ ስትቀመጥ ይጽፋል።

"ስምንት ዓመት የተማረው ድመት ለማጀብ ነው?" አለች እናቱ። "ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ!"

ድመቷም ቀኑን ሙሉ ዘጠነኛው ረድፍ ላይ ተንጋላ ትውላለች፤ ዘጠነኛው ረድፍ ንቅንቅ አላለም።

ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን እያገላበጠ ያይ ጀመር። ሱቅ በነበረው ጊዜ መቀሱን አልኮል ሳይነክር ከራስ ወደ ራስ ተሻግሮ አያውቅም፤ የጤና ተቆጣጣሪ ይመጣ ነበራ። ለቅጠል ግን ማን አልኮል ያስባል? ቅጠል ፎረፎር የለው! ከወጥ ቤቱ ጀርባ አሥር ደህና ችግኞች በባዶ የቀለም ቆርቆሮ ተከለ። አምስቱን እንደ ልማዱ ውሃ ረጭቶ፣ አሥራ አንደኛውን ረድፍ በነካው መቀስና ፎጣ ከረከማቸው። አምስቱን ግን በደረቁ፣ መቀሱን በሳሙና አጥቦ አልኮል ነክሮ ከረከማቸው። "አምላኬ፣ ድመቷ ትሁን" እያለ ጠበቀ።

በሦስተኛው ቀን እንደ ልማዱ የከረከማቸው አምስቱ ላሸቁ። አምስቱ እንደ ወታደር ቆመዋል።

እሱ ቆርቆሮዎቹ ላይ አጎንብሶ ሳለ ድመቷ መጣች፤ ከድመቷ ኋላም ምናልባት።

"ጋሼ፣ ይሄን ማን ሠራው?"

"ድመቷ።"

"ድመቷ ናት አልኮል የነከረችው?" ምናልባት ጠርሙሱን አንስቶ አሸተተና ቁጢጥ አለ። ቆርቆሮዎቹን አንድ በአንድ ሲያይ ቆየ። "እኔ እንዲህ ያለ ሙከራ ለመሥራት ዓመት ሙሉ ፈቃድ ጠብቄያለሁ" አለ ቀስ ብሎ። "መቀሱ ያቆስላል፣ ውሃው በሩን ይከፍታል፣ ፎጣው በሽታውን ከሣጥን ሣጥን ያዞራል።"

"ሊሆን ይችላል በላ!" ብሎ ለመነው።

"አይ ጋሼ። ነው።"

ከመጣ ጀምሮ "ነው" ሲል የመጀመሪያው ነው፤ የመረጠው ቀን ግን ክፉ ነበር። ራሱም ደነገጠ መሰለኝ፣ ወዲያው ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ከፈለግህ ለእማዬ ድመቷ ናት እንላለን። አንተ ደግሞ አልኮሉን ዝም ብለህ ትነክራለህ።"

ፀጉር አስተካካዩ ሐሳቡን ወደደው። ድመት ምን ትሆናለች? ማን ይከሳታል? ተነስቶ በቤቱ ጎን ዞረ፤ እህቱ በረንዳው ላይ ባዶ ባልዲ አቅፋ ተቀምጣለች።

"ሃያ ዓመት አጠጥቻለሁ" አለች ሳታየው። "ምናልባት እጄ ከድቶኝ ይሆናል። ከዘንድሮ ወዲያ ለሌላ ሰው ልተውላቸው ይሆን?"

እሷ አፍ ውስጥ "ምናልባት" የሚለውን ቃል ሲሰማ አጠገቧ ተቀመጠ።

"እትዬ፣ እኔ ነኝ" አለ። አንድም ሳያስቀር ነገራት፤ መርጫውን፣ ፎጣውን፣ ጥላውን፣ ከምሳ በኋላ ያለውን እንቅልፍ ሳይቀር።

"ድመቷስ?"

"የሐሰት ምስክር ነበርኩባት።"

እህቱ ባልዲውን አስቀምጣ እጇን ዘረጋች። "መቀሱን አምጣ።"

ሰጣት። ዳግመኛ ላስቲክ ቤቱን አልረገጠም።

ሰባቱ የቀሩት ረድፎች ግን መከርከም ነበረባቸው፤ ገበሬዎቹ ሊመጡ አምስት ቀን ቀርቷል። እናትና ልጅ በማግሥቱ ገቡ። እሷ እንደ አጫጅ ትመታዋለች። ልጇ በማስመሪያ እየለካ እስከ ረፋድ ዘጠኝ ችግኝ ከረከመ። ፀጉር አስተካካዩ ከደጃፉ አንዲት ስንዝር ሳያልፍ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ይቃጠላል።

"ኧረ ልቡን እንዳትቆርጪው! ጫፉን! አንቺ ሴትዮ፣ ምን አደረገሽ?"

"ዝም በል!"

"እንዲህ አድርጎ የከረከመኝን ሰው እኔ እከሰው ነበር!"

እህትየው የከረከመችውን ሣጥን አየችው። ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ፤ በቁሙ አይጥ የበላው ምንጣፍ። ልጇን አየችው። አሥረኛውን ችግኝ እየለካ ነው። ረጅም ትንፋሽ ወጣትና ሣጥኑን አቅፋ ወጣች።

"ምያለሁ። ላስቲክ ቤቴን አትረግጥም" አለችው። "እነሱ ይውጡልህ።"

በረንዳው ላይ አንድ ወንበር ተቀመጠ፤ ወንበሩ ላይ ሣጥኑ ተሰየመ። መቀሱንና የአልኮል ጠርሙሱን እጁ ላይ አኖረች፤ መርጫውንና ፎጣውን ወስዳ ቆለፈችባቸው። ምናልባት ከውስጥ ሣጥን ያወጣል፣ የተከረከመውን ይመልሳል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ደረጃው ላይ አሥራ አንድ ሣጥን ተራ ጠባቂ ሆኖ ተደረደረ።

"ኧረ ፍጠን፣ ወረፋ ይዘዋል!" አለች እህቱ።

ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን ነክሮ አወጣ። ወደ ላይ ከፍ አድርጎ አልኮሉ እስኪደርቅ ያዘው፤ አልቸኮለም።

"ይታገሱ" አለ።