የደመና ጋላቢው ባለቤት

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላሉ። የጓዴ ፋንታን ስም ያወጣው መልአክ ግን ያን ቀን ቀልድ አምሮት መሆን አለበት። ደምለው በዕድሜው እንደ ጓዴ ያለ ጓድ አላየም፤ ዳግመኛ እንዳያይም ይጸልያል።

ሁለቱም ቢቸና አንድ ትምህርት ቤት ያስተምሩ ነበር። ደምለው የሥዕል አስተማሪ ነው፤ በልጅነቱ ቅኔ ቤት የከረመ፣ ነገር የማያመልጠው ሰው። አንድ የውጭ አገር አስተማሪ ጥሎት በሄደ ኮሚክ በሚባል የሥዕል ታሪክ መጽሔት ላይ ሰው ካባ ለብሶ ሲበር አየና፣ «ፈረንጅ በቀይ ጨርቅ ከበረረ የጎጃም ሰው በበርኖስ ምን ያግደዋል?» ብሎ የራሱን ጀግና ሣለ። ስሙን ደመና ጋላቢው አለው። ጥቁር በርኖሱን ሲደርብ ይበራል፤ ጅብ ራስ የሚባለውን የጎተራ ሌባ ያሳድዳል። በስቴንስል እየተባዛ ሲወጣ ተማሪው ይሻማበት ነበር። ከዚያ ጓዴ ዲሬክተሩ ዘንድ ገብቶ፣ ጅብ ራስ የአንድ ትልቅ ሰው መልክ እንዳለው አንሾካሾከ። ቅጂዎቹ ተለቅመው ከግቢው ጀርባ ተቃጠሉ። ደምለው ሥዕል ተነጥቆ ጂኦግራፊ ተሰጠው። ጓዴ ወደ ሞጣ ተዛወረ፤ ያውም በሹመት።

ሁለት ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ ከሞጣ ወሬ መጣ። ደመና ጋላቢው እንደ አዲስ ሊወጣ ነው፤ የመጀመሪያው ቁጥር በትምህርት ቤቱ በዓል ላይ በሕዝብ ፊት ይዳኛል፤ ከቢቸናም አንድ ዳኛ ይላክልን። ሥዕል የሚያውቅ ሌላ ሰው አልነበረምና ደምለው ተላከ። በጭነት መኪና ጋቢና ከሹፌሩ ጎን ተቀምጦ እስከ ሞጣ ጥርሱን ሲያፋጭ ሄደ። የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ስሙን። ሽፋኑ ላይ ስሙን ካገኘ ያለፈውን ሁሉ ሊተው ለራሱ ምሎ ነበር።

ጓዴ በር ላይ ተቀብሎ አገላብጦ ሳመውና አንድ ቅጂ ሰጠው። ሽፋኑ «ደመና ጋላቢው፣ ቁጥር ፩፣ ደራሲና ሠዓሊ ጓዴ ፋንታ» ይላል።

«የኔ ስም የት አለ?» አለ ደምለው።

«የድሮው እኮ ሞቷል፣ ወንድሜ። ይሄ አዲስ ነው።»

«የገደለው ማን ሆነና?»

«ተወው እስቲ፣ በበዓል ቀን» አለና ጓዴ ሌላ እንግዳ ሊቀበል ሄደ።

ደምለው ጥግ ይዞ ገጽ በገጽ አነበበ። መጥፎ ቢሆን ኖሮ ደስ ባለው። አልነበረም። በርኖሱ ነፋስ የማያውቀው ሰሌን ይመስላል፣ የጀግናው ጣቶችም ተጣብቀዋል፤ ታሪኩ ግን ይሮጣል፣ ሰው ያስቃል። ይህ ከሁሉ ይልቅ አንጀቱን አሳረረው። ጅብ ራስ ተሰርዟል። ጓዴ ፈሪ ነውና ማንም የማይቀየምበትን ጠላት መርጧል፤ አንድ ግዙፍ አንበጣ። አንበጣ ዘመድ የለው፣ ክስ አያቀርብ። እንደ ገመድ የረዘመ ቀንዱን በማሳው ላይ ዘርግቶ፣ ከሦስቱ እርሻ አንዱን በልቶ ተኝቷል።

አዳራሹ ሞልቷል። ከፊት ወንበር ፊታውራሪ ገብረ ክርስቶስ ተቀምጠዋል፤ በመሬት ግብር ግምቱ ሁከት ጊዜ ገበሬው ቤታቸውን ያቃጠለባቸው ባለ ሥልጣን ናቸው። ቁስሉ ገና አልጠገገም። መጀመሪያ የዳኙት ከመርጡለ ማርያም የመጡት መሪጌታ ኃይለ ጊዮርጊስ ነበሩ።

«በርኖስ የሚያበር ቢሆን እኔን እስከዚህ ድረስ በበቅሎ ምን አንገላታኝ?» አሉ። «ሥዕሉ ግን፣ ይበል ብያለሁ።»

ሰው ሳቀ። ደምለው ተነሣ። ሊያዋርደው ነበር የመጣው፤ በርኖሱን፣ ጣቶቹን፣ ሁሉን በጣጥሶ ሊጥለው። ቆሞ ሕዝቡን ሲያይ ግን ነቀፋው ቅናት እንደሚባል ገባው። ምስጋናን ማን ይከሳል? ደምለው አመሰገነ።

«መሪጌታ ሰሙን አመሰገኑ፤ እኔ ወርቁን ላመስግን። አንበጣ ማሳ ወርሮ ሲሦውን በልቶ፣ ሁለቱን እጅ ለባለቤቱ ሲተው ያየ ገበሬ አለ? ከገበሬ እህል ሲሦ የሚበላው ማን እንደሆነ ለሞጣ ሰው አይነገርም። ይህ ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋውስ የአንበጣ ቀንድ ነው ወይስ ቃላድ? ወንድሜ ጓዴ እኛ የፈራነውን ደፍሮ ተናገረ። ይበል።»

ይበል የሚል ሌላ አልተገኘም። ቃላድ፣ ያ የመሬት መለኪያ ገመድ፣ በዚያ አገር በቀልድ የሚነሣ ቃል አይደለም። የጓዴ ፊት አመድ መሰለ። ደምለው ደስ አለው፤ ቅጂዎቹ ቢቸና ከተቃጠሉ ወዲህ እንዲህ ደስ ብሎት አያውቅም። አንበጣው አንበጣ ብቻ እንደሆነ ከጓዴ ቀጥሎ የሚያውቀው እሱ ነው፤ ጅብ ራስም ጅብ ብቻ ነበር።

ፊታውራሪ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ይህን የወለደው ማነው?» አሉ።

ጓዴ ብድግ ብሎ ነጠላውን አደገደገ። 

«ጌታዬ፣ የኔ ስም በስሕተት ነው የገባው። ደመና ጋላቢውን የፈጠረው መምህር ደምለው ነው። ቢቸና ሳለን የደረሰውም የሣለውም እሱ ነው። እኔ ገልባጭ ነኝ። ወርቁንም እንደ ሰሙት የሚያውቀው እሱ ነው።»

ሕዝቡ ሁሉ ወደ ደምለው ዞረ። ሁለት ዓመት ሙሉ በሕልሙ የሰማው ቃል ይኸው በአደባባይ፣ ያውም በጓዴ አፍ ተነገረ። ፊታውራሪ በሩ አጠገብ ወደ ቆሙት ፖሊሶች አየት አድርገው ፊታቸውን ወደ ደምለው መለሱ።

«እውነት ነው፣ መምህር? ያንተ ነው?»

አይደለም ቢል በማግሥቱ በሰላም ቢቸና ይገባል። አይደለም ካለ ግን ደመና ጋላቢው እስከ ዘለዓለም የጓዴ ነው። ጓዴን አየው። ጓዴ አንገቱን ደፍቶ፣ ያቺን አንዲት «አዎ» እየጠበቀ በከንፈሩ ጫፍ ፈገግ ብሏል።

«የኔ ነው» አለ ደምለው። «ከበርኖሱ እስከ አንበጣው።»