የግማሽ ታንኩ ፋይል

ፈታኟ የሮኬቱ ሞዴል ልክ ነው ብዬ አልፈርምም ካለች ሦስተኛ ቀኗ ነው። ቢሮው ሁሉ «ሚሊሜትር» የሚለው ዋርሳዋ፣ የባሏ ታላቅ ወንድም፣ ጥርሱን ነክሶባታል። ሥራ ያስገባት እሱ ነው፤ ይህንንም ሳያነሳ የዋለበት ቀን የለም።

ጠቡ እንዲህ ነው። ሮኬት ሲበር እንደ ሸምበቆ ይወዛወዛል። በሰከንድ ስንቴ እንደሚወዛወዝ መሪው ኮምፒውተር በትክክል ካላወቀ፣ አቀናለሁ ብሎ ይሰብረዋል። ሚሊሜትር ያን ቁጥር የሚተነብይ የኮምፒውተር ሞዴል ሠራ። እሷ ደግሞ እውነተኛውን ሮኬት አዳራሹ ውስጥ አንጠልጥላ፣ በነዳጅ ፋንታ ውሃ ሞልታ፣ በማሽን እየነቀነቀች ለካች። አልገጠሙም። እሱ ታዲያ ምን አደረገ? ሞዴሉ ልኬቷን እስኪመስል ድረስ የመገጣጠሚያዎቹን የጥንካሬ ቁጥር ጠመዘዘ። ከዚያ በዚያው ልኬት «ፈተነው»፤ መቶ ከመቶ! መልሱን አይቶ የገባ ተማሪ ፈተና ቢደፍን ምን ይገርማል?

እሷ ግን ሙያ በልብ ነው ብላ፣ የሙሉውንና የባዶውን ታንክ ልኬት ሰጥታው የግማሹን መሳቢያዋ ውስጥ ቆልፋበት ነበር። በአራተኛው ቀን ጠዋት በክፍሉ ኃላፊ ፊት አወጣችው።

«ሞዴልህ በግማሽ ታንክ ስንት እንደሚል መጀመሪያ ጻፍ ጋሼ። ከዚያ እንከፍተዋለን።»

«ደብቀሽብኝ ነው? ያጎረሰ እጅ ተነከሰ ማለት ይኼ ነው!»

«ጻፍ።»

ጻፈ፤ ብዕሩ ወረቀቱን ሊቀደው ምንም አልቀረው። ሁለት ነጥብ ዘጠኝ። ፋይሉ ሲከፈት ሁለት ነጥብ ሦስት ይላል። ኃላፊዋ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ።

«መለኪያው ሴንሰር ተበላሽቷል» አለ ሚሊሜትር።

«አሥራ ሁለቱም ባንዴ?»

ፊቱ ጠቆረ። «እሺ፣ ስጪኝ። እስከ ምሳ ሰዓት ልክ አደርገዋለሁ።»

ደሟ ፈላ። ሰውየው አሁንም አልገባውም! ይህንንም ከሰጠችው ሞዴሉ ይገጥማል፤ እውነት መሆኑን የሚፈትን ግን አንድም ልኬት አይቀርም።

«ስጪው» አሉ ኃላፊዋ። «አንቺም ውሃውን ወደ ሩብ አውርደሽ እንደገና ለኪ። ያንን ግን ከመፈተኛው ቀን በፊት እኔም እንዳላየው። ማስወንጨፉ በአንድ ወር ይራዘማል።»

ሚሊሜትር ስልኩን እያወጣ በሩን ጓ አድርጎ ዘግቶ ወጣ። እሷ ደረጃው ጋ ሳትደርስ ባሏ ደወለ።

«ወንድሜን አለቃው ፊት አዋረድሽው? አሁኑኑ ይቅርታ ጠይቂው፤ አለዚያ ቤት እንዳትመጪ።»

«ሮኬቱ ቢሰበርስ?»

«ሮኬቱ የእናቴ ልጅ አይደለም።»

ስልኩን ዘጋችበት። አዳራሽ ወርዳ ቴክኒሻኖቹን ውሃውን ወደ ሩብ እንዲያወርዱ አዘዘች። ከዚያ እናቷ ጋ ደውላ፣ ለማታ አንድ አልጋ እንዲያነጥፉላት ነገረቻቸው።