ያልተሸኘች እንግዳ

«አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት!» ሞሲሳ እናቱን በብብታቸው ሥር ይዞ ወደ ላይ ሳባቸው፤ እህቱ ሊሊሴ በሌላው በኩል ደገፈች። ወይዘሮ ድርቤ እስከ ግማሽ ከተነሱ በኋላ ተመልሰው ለስላሳው ሶፋ ውስጥ ሰመጡ።

«ቀስ በሉ እንጂ! ጆንያ አደረጋችሁኝ እንዴ?»

«ጆንያስ ዝም ይላል፣ አዮ» አለ ሞሲሳ እያለከለከ።

ሊሊሴ አልሳቀችም። እናቷ በሚኖሩበት በኡኬ ከተማ ወድቀው ዳሌያቸው ከተሰበረ በኋላ፣ ነቀምቴ ባኬ ጃማ ሰፈር ወዳለው ቤቷ ከመጡ ወራት አልፈዋል። አጥንቱ ገጥሟል። ሐኪሙ ግን ክብደታቸው እየጨመረ፣ እግራቸውም ያለ ሥራ እየደከመ መሄዱን ገልጾላታል፤ ያለ ሰው እጅ ከመቀመጫቸው መነሳት እስካልቻሉ ድረስ ወደ ኡኬ ተመልሰው ብቻቸውን መኖር አይችሉም። ወይዘሮ ድርቤ ደግሞ ከዚያ ቤታቸው በቀር የሚመኙት አልነበረም።

በሩ ተንኳኳ። የጸሎት ጓደኛቸው አዴ ወሰኔ ቅቤ የሚንሳፈፍበት የአንጮቴ ሥር ቀቅለው ይዘው ገቡ።

«አካም ጂርታ፣ ድርቤ? እሰይ፣ ፊትሽ እንዴት ሞላ! ስብራቱ በጀሽ ማለት ነው።»

«አዴ ወሰኔ፣ አጥንቱ ከገጠመ እኮ ቆየ» አለች ሊሊሴ። «አሁንም ለስብራት እየተባለ አንዱ አንጮቴ፣ አንዱ በቅቤ የራሰ የጩምቦ ቂጣ ያመጣል። ቅቤው ተራ ይዞ ነው የሚገባው!»

«ታዲያ በባዶ እጄ ልጠይቃት?»

«በባዶ እጅዎ ይምጡና አብረዋቸው ግቢውን ይዙሩ።»

«ጉድ ፈላ! የታመመ ሰው ያርፋል እንጂ ይዞራል?»

ጥቂት ተጫውተው አዴ ወሰኔ ለመሄድ ብድግ ሲሉ፣ ወይዘሮ ድርቤም መዳፋቸውን ሶፋው ላይ ተክለው ታገሉ። እንግዳን እስከ ውጭው በር ሳይሸኙ መቅረት ከስብራቱ ይልቅ ያማቸው ነበር። ሞሲሳና እንግዳዪቱ ተሯሩጠው ሊደግፏቸው ክንዳቸውን ያዙ።

«ተይ፣ አትነሺ! እኔ ቤተኛ ነኝ።»

«ልቀቋቸው!» ሊሊሴ ጮኸች።

ሁለቱም ደንግጠው እጃቸውን ሰበሰቡ። ወይዘሮ ድርቤ ብቻቸውን ሞከሩ፤ ሶፋው መልሶ ዋጣቸው።

«አንቺ ልጅ፣ ሰለቸሁሽ?»

«አዮ፣ ባነሳንዎት ቁጥር ኡኬ እየራቀብዎት ነው።» አለች ሊሊሴ።

ወይዘሮ ድርቤ ልጃቸው እንዲመቻቸው ብሎ የገዛላቸውን ሶፋ ዳበስ አደረጉ። ከዚያም ጥግ ላይ ያለውን ደረቅ የእንጨት ወንበር ትክ ብለው አዩ።

«ሞሲሳ፣ ወደዚያ አሸጋግረኝ። ከዛሬ ጀምሮ ሶፋው ላይ አንተ ተቀመጥ።»

ወንበሩ ላይ ሲደላደሉ ሁለቱን እግሮቻቸውን መሬት ላይ ተከሉ።

«ወሰኔ፣ አንቺ ውጭው በር ላይ ጠብቂኝ። ሳልሸኝሽ እንዳትሄጂ።»

«እስኪመሽ ብትቆዪብኝስ?»

«አንጮቴውን ይዘሽ ውጪ፤ ሲርብሽ ትበያለሽ።»