በኬኔ ፈንታ

«ድልድይ!» አለች ይርጋለም ከኋላ ወንበር ብድግ ብላ።

ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ወላጆች ሁሉ ዞር ብለው አዩዋት። ሰሌዳው ፊት መጽሐፍ ይዛ የቆመችው የዘጠኝ ዓመት ልጇ ኬኔ፣ «ድ... ድ...» ስትል የቆየችበትን አፏን ገጥማ አቀረቀረች። ርዕሰ መምህሩ አቶ ጨመዳ እስክሪብቷቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«አራተኛ ክፍል የምናስገባው ልጅቷን ነው ወይስ እናቷን?»

ሰው ሳቀ። ይርጋለም ፊቷ ጋለ። ኬኔ ያቺን አንድ ገጽ ራሷ አንብባ ከጨረሰች በሚቀጥለው ዓመት ከእኩዮቿ ጋር ትማራለች፤ ካቃታት እዚያው ልዩ ፍላጎት ክፍል ትቀራለች። ይህን እያወቀች ነው ይርጋለም ያበላሸችው።

«ሃዳ ኬኔ» አለች መምህርት ናዝራዊት፣ ይርጋለምን በአገሩ ወግ «የኬኔ እናት» ብላ ጠርታ። «ቃሉ የእሷ ነው። እባክዎን ይተዉላት።»

ይርጋለምን የሚያንገበግባት ይኸው ልስላሴዋ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የኬኔ ምላስ እሷ ነበረች። ልባሽ ጨርቅ በምትሸጥበት ገበያም፣ ቤተ ክርስቲያንም፣ ጤና ጣቢያም ሰው ልጇን ስሟን ሲጠይቅ የምትመልሰው እሷ ናት። «ዱዳ ናት እንዴ?» ካለ ሁሉ ጋር ተጣልታለች። አሁን ይህች ከአርጆ የመጣች ልጅ እግር መምህርት በሰባት ወር ልጇን ወሰደችባት። በየማለዳው ከሰልፍ በፊት አንድ ገጽ ጮክ ብሎ ማንበብ፣ አለመቸኮል፣ ማንም ቃል አለማቀበል፤ ጥበቧ ይኸው ነው። ቅዳሜና እሁድ እንኳ ኬኔ ጓሮ ገብታ ለብቻዋ ታነባለች። ባለፈው ሳምንት ናዝራዊት፣ «ሕልሟን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገረችኝ እኮ!» ብላ በደስታ ስታወራላት፣ ይርጋለም «እግዚአብሔር ይስጥሽ» አለች እንጂ ሆዷ በቅናት አሮ ነበር። ለእናቷ ከ«ውሃ» እና ከ«እንቢ» ሌላ የማትተነፍስ ልጅ!

«ሱታ፣ ኬኔ» አለች ናዝራዊት። «ከመጀመሪያው፣ ቀስ ብለሽ።»

ኬኔ ጀመረች። አንድ መስመር ጨረሰች፣ ሁለተኛውንም። ያው «ድ...» ላይ ስትደርስ ቆመችና ቀና ብላ መምህሯን አየች። ይርጋለም አላስቻላትም። እኔ እያለሁ ለምን እሷን ታያለች? አፏን ከፈተች።

ኬኔ ቀድማ ዞረችባት። «እ... እማዬ፣ አንቺ ዝ... ዝም በይ! የማነበው እ... እኔ ነኝ።»

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ቤት ቢሆን ኖሮ ይርጋለም ለዚህ ስድነት ጥፊ ታቀምሳት ነበር። ግን ንግግሩ ሙሉ ነበር፤ ከሥር እስከ ጫፍ የኬኔ፣ የተነገረውም ለናዝራዊት ሳይሆን ለእሷ። ደስ አላት። ማልቀስም አማራት።

ሳቁ በረደ። ኬኔ ግን ገና «ድ... ድ...» እያለች ነው። አቶ ጨመዳ ሰዓታቸውን አዩና እስክሪብቷቸውን አነሱ። ናዝራዊት ደነገጠች። ወደ ልጅቷ ጠጋ ብላ፣ ቃሉን ልታቀብላት ከንፈሯን ስታሰናዳ ይርጋለም አየቻት።

«መምህርት» አለች ይርጋለም፣ ወንበሯ ላይ እየተቀመጠች። «አንቺም ዝም በይ።»