ከሥሩ የተቀባው መኪና

ኖሪን ባሏ ከሞተ ወዲህ ሰው አብዝቶ ሲስቅላት ደስ አይላትም። መኪና ሻጩ ሌስተር ደግሞ ሳቁን ለቀቀባት። የባሏ የመጠጥ ጓደኛ ነበር። አውስትራሊያ ውስጥ፣ አሊስ ስፕሪንግስ ከተማ ዳር ካለው ግቢው እንደገባች ክንዷን ይዞ ወደ አንድ ነጭ ባለ ሁለት ዲፈረንሻል መኪና ወሰዳት።

«ኖሪንዬ፣ ታምሲን ጋ ልትሄጂ ነው ሲሉ ሰምቼ ይቺን ላንቺ ብዬ ነው ያስቀመጥኳት።»

«ማን ነገረህ?»

«ከተማው ትንሽ ነው።»

ልጇ ታምሲን ከብት የምታረባው ታናሚ በረሃ ውስጥ ነው። መንገዱ ከዳር እስከ ዳር የተሸበሸበ ቀይ ኮረኮንች ነው። እዚያ መኪና የተሰበረበት ሰው፣ መንገደኛ ሳይደርስለት የያዘው ውሃ ሊያልቅበት ይችላል።

ኖሪን የመኪናውን በር ከፍታ የጠርዙን ላስቲክ በጣቷ ጠረገች። አቧራ የለም። በዚህ አገር አቧራ የሌለው መኪና አይታ አታውቅም። ባርኔጣዋን ሌስተርን አስይዛ መሬት ላይ ተጋደመችና ከሥር ገባች።

«ኧረ ቀሚስሽ፣ ምን ሆነሻል?»

መኪናውን የሚሸከመው ብረት፣ ሻንሲው፣ አዲስ ጥቁር ቀለም ተቀብቷል።

«ለምን ቀባኸው?»

«እንዲያምር ነዋ።»

«ከመኪና ሥር ማን ገብቶ ሊያየው?»

«ይኸው አንቺ ገብተሽ የለ?» ብሎ ብቻውን ሳቀ።

በቤቷ ቁልፍ ፋቀችው። ቀለሙ ሲላጥ ወፍራም ብየዳ ብቅ አለ። ሻንሲው አንዴ ተሰብሮ ነበር። ወጥታ ስትቆም ሌስተር ፊቱ ተለዋውጧል።

«ልጄ ነው የገለበጣት» አለ። «ወገቡን ተጎዳ እንጂ ተርፏል። እዚህ ቆማ ሳያት ሆዴ ይባባል።»

አዘነችለት። ወዲያው ደግሞ፣ ይሄንንም እንደ ሳቁ ለገዢ አዘጋጅቶት ይሆን ብላ ጠረጠረች።

«ታዲያ እኔን ልታሸክመኝ?»

«ከተማ ውስጥ ብቻ የምትነጂያት መስሎኝ ነው።»

«አሁን ታምሲን ጋ ልትሄጂ ነው ሲሉ ሰማሁ አላልክም?»

ሌስተር ባርኔጣዋን መለሰላትና ጥግ ላይ ወደቆመች፣ በሮቿ የተጨረማመቱ አሮጌ መኪና በአገጩ አመለከታት። «ለዚያ መንገድ እውነቱን ከፈለግሽ ያቺ ናት።»

ይሄኛውንም አላመነችውም። ከሥር ገብታ አየች። ቀዩ አፈር እንደተጋገረ ነው፤ ከጎማዎቹ በላይ ክብደቱን የሚሸከሙት ባሌስትራዎች ያረጁ ቢሆኑም ስንጥቅ የለባቸውም፤ የተቀባ ነገርም የለም። ከኋላ ሁለት መለወጫ ጎማ ተጭኗል።

«ንዳት» አለችው።

«እኔ?»

«አዎ፣ ኮረኮንቹ ላይ። እኔ አጠገብህ ቁጭ እላለሁ።»

አስፋልቱ ሲያልቅ ሌስተር ፍጥነቱን አልቀነሰም። በሮቹ ተንገጫገጩ፣ አቧራው በስንጥቁ ሁሉ ገባ። ኖሪን መንገዱን ሳይሆን እጆቹን ነበር የምታየው። መሪውን እንደልማዱ ዘና ብሎ ነው የያዘው፤ መኪናዋን የሚጠራጠር ሰው አያያዝ አልነበረም። የምትገዛት ይቺን እንደሆነ ያኔ ወሰነች።

በሚቀጥለው ሳምንት ብቻዋን ወደ ታናሚ ነዳች። ደረቅ ወንዝ ባለፈች ቁጥር ቆማ ከሥር ታያለች፣ ሞተሩን ታዳምጣለች፣ ከዚያ ትቀጥላለች። ታምሲን ደጃፍ የደረሰችው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነበር።

ታምሲን እየሮጠች መጥታ አቀፈቻት። «እማዬ፣ መኪናዋ እንዴት ናት?»

ኖሪን ከልጇ ትከሻ በላይ አሻግራ መኪናዋን አየቻት።

«እስካሁን ምንም አላገኘሁባትም» አለች።